የአንጎል ደም ሥር አሚሎይድና ዘረመል፦ ምርመራው ለማን፣ መቼ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አረጋውያን የአንጎል ደም መፍሰስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። በአንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ሁሉ የደም ግፊት ውጤት እንዳልሆነ፣ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጠራቅሞ ሥሮቹን በቀላሉ የሚሰበሩ እንደሚያደርጋቸው ለአንባቢ ማስረዳታችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ስለዚህ ሕመም በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነውና። ቅሬታዬ ከመደምደሚያው ጋር ነው። ጸሐፊው ሕመሙን የዘር በሽታ ብለው ካለፉ በኋላ፣ እናቱን ወይም አባቱን በአንጎል ደም መፍሰስ ያጣ ሰው ሁሉ የዘረመል ምርመራ እንዲያደርግ ይመክራሉ። በነርቭ ሕክምና የሠራሁ ሐኪም እንደመሆኔ፣ ይህ ምክር በተለይ በውጭ አገር የሚኖሩና የመመርመሪያ ዕቃውን በፖስታ ማዘዝ የሚችሉ አንባቢዎቻችሁን ያለ በቂ ምክንያት ለጭንቀት፣ አንዳንዶቹንም ለተሳሳተ መተማመን ይዳርጋል ብዬ እሰጋለሁ።

ጽሑፉ እጅግ የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ አቅርቧል። አንደኛው ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ሕመሙን ለማምጣት የሚበቃ፣ በዓለም ላይ በጣት በሚቆጠሩ ቤተሰቦች ውስጥ ብቻ የታየ የዘረመል ለውጥ ነው። ሁለተኛው ሚሊዮኖች ተሸክመውት የሚኖሩት፣ አብዛኞቹም በአንጎላቸው ደም ሳይፈስ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱበት፣ የመታመምን ዕድል ከፍ ወይም ዝቅ ከማድረግ ያለፈ ኃይል የሌለው የዘረመል ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን የተሸከመ ሰው የሚያስፈልገው ምክርና ሁለተኛውን የተሸከመ ሰው የሚያስፈልገው ምክር አንድ ሊሆን አይችልም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የሕመሙን አካሄድ በጥቂቱ ላስረዳ። ክሮሞዞም ከሚባሉት ዘረመል ተሸካሚ ክሮች በ21ኛው ላይ የሚገኘው ኤፒፒ የተባለ ዘረመል የሚያዝዘው ትልቅ ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ ሲቆራረጥ ቤታ አሚሎይድ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ይወጣል። ይህ ቁራጭ በጤነኛ ሰውም በየዕለቱ ይመረታል፤ ከፊሉ እዚያው ይፈርሳል፣ ከፊሉ ደግሞ የደም ቅዳ ቧንቧዎችን ግድግዳ ተከትሎ ከአንጎል ይወጣል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ማስወገጃው ሲደክም ግን መውጫው መንገድ ደለል እንደሞላው ቦይ ይዘጋል። የመርሳት ሕመምን በሚያመጣው የአልዛይመር በሽታ በአንጎል ሥጋ መካከል የሚጠራቀመው በአብዛኛው 42 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) ያሉት ቁራጭ ሲሆን፣ በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚበዛው ግን አጠር ያለው ባለ 40ው ነው። አሚሎይዱ የሥሩን ጡንቻ ቀስ በቀስ ገድሎ ቦታውን ይወርሳል፤ መለጠጥና መኮማተር የተሳነው ሥርም አንድ ቀን ይቀደዳል። የሚጠቁት በአንጎል ልባስና በሽፋኑ ውስጥ ያሉ ሥሮች ስለሆኑ ደሙ የሚፈሰው ወደ አንጎል ውጫዊ ክፍል አካባቢ ነው። የደም ግፊት የሚያመጣው መፍሰስ ግን በአብዛኛው የሚታየው በአንጎል ጥልቅ ክፍሎች ነው። ይህ የቦታ ልዩነት በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ቁርጥ ያለ ውርስ ካላቸው ቤተሰቦች የታወቁት በኔዘርላንድ የሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ በካትዋይክና በአካባቢው ከሚገኙ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች የተገኙት ናቸው። በእነዚህ ቤተሰቦች ለውጡን የወረሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ ወደ 50 ዓመት ገደማ ሲደርስ በአንጎል ደም መፍሰስ ይመታል፤ ከመጀመሪያው የተረፈው ሌላ መፍሰስ፣ ቆይቶም የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መድከም ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ምክንያቱ ታወቀ። በኤፒፒ ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ፣ በቤታ አሚሎይድ 22ኛ ቦታ ላይ መኖር የነበረበት አሚኖ አሲድ በሌላ ተተክቷል። በዚህች ለውጥ ምክንያት ቁራጩ በደም ሥር ግድግዳ ላይ መጣበቅን ይመርጣል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ለውጡን የተሸከመ ወላጅ ያለው ልጅ ለውጡን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በዚሁ ዘረመል ላይ በጣሊያንና በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ቤተሰቦች የተገኙ ሌሎች ለውጦችም አሉ። በ2006 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዘረመሉ ምንም ሳይለወጥ፣ በአንዱ ክሮሞዞም ላይ እጥፍ ሆኖ መገኘቱ ብቻ ሕመሙን እንደሚያመጣ አሳይተዋል። 21ኛውን ክሮሞዞም ሦስት አድርገው የሚወለዱት የዳውን ሲንድረም ባለቤቶችም በዚሁ ምክንያት አሚሎይድ ቀድሞ ይጠራቀምባቸዋል። ይህ የመጨረሻው በአገራችንም ያለ ነገር ስለሆነ፣ የዳውን ሲንድረም ልጅ ያላቸው ወላጆች ልጃቸው ወደ 40ዎቹ ዕድሜ ሲጠጋ የማስታወስ ለውጥን እንዲከታተሉ ጽሑፋችሁ ሊያነሣ ይገባው ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን የአይስላንድ ታሪክ ነው። በዚያች ደሴት ሐኪሙ አርኒ አርናሶን በ1935 ባሳተመው ጥናት በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ወጣቶች በአንጎል ደም መፍሰስ ትውልድ ተከትሎ እንደሚሞቱ አሳየ። ቆይቶ በደም ሥሮቻቸው የተገኘው ቤታ አሚሎይድ ሳይሆን ሲስታቲን ሲ የተባለ ሌላ ፕሮቲን የሠራው አሚሎይድ ነው፤ ዘረመሉም በ20ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። የለውጡ ተሸካሚዎች በአማካይ በ30 ዓመታቸው ገደማ ይሞታሉ። አይስላንዳውያን የቤተ ክርስቲያን መዛግብትን በጥንቃቄ የሚይዙ፣ የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ብዙ ርቀው የሚቆጥሩ ሕዝብ ናቸውና፣ ተመራማሪዎች የለውጡን ተሸካሚዎች ከትውልድ ትውልድ እየተከተሉ የዕድሜያቸውን ልክ መመርመር ቻሉ። በ2008 የታተመው ውጤት የዘር ሐኪሞችን ሁሉ አስደንቋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተወለዱ ተሸካሚዎች እንደ ማንኛውም ጎረቤታቸው ወደ 65 ዓመት ኖረው ነበር የሞቱት። ያንኑ ለውጥ ይዘው በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ የተወለዱት ግን 30 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አለፉ። ዘረመሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። ተመራማሪዎቹ በዚያ ዘመን ወደ ደሴቲቱ በብዛት መግባት የጀመረውን ጨው፣ ዱቄትና ስኳር ይጠረጥራሉ፤ ጥርጣሬያቸው በማስረጃ ባይጸናም፣ ቁርጥ ያለ የሚባለው የዘረመል ለውጥ እንኳ ከአኗኗር ጋር እንደሚተሳሰር ግን የዕድሜው ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

እነዚህን ቤተሰቦች ያነሣኋቸው አንባቢ ራሱን ከእነርሱ መካከል እንዲፈልግ አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። እናቱን በ78 ዓመቷ በአንጎል ደም መፍሰስ ያጣ ሰው ከካትዋይክ ወይም ከአይስላንድ ቤተሰቦች ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሐኪም ስለ ቁርጥ ያለ ውርስ እንዲያስብ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ከ55 ዓመት በታች የደረሰ መፍሰስ፣ በአንድ የዘር መስመር በሁለትና በሦስት ትውልድ ተደጋግሞ የታየ መፍሰስ፣ ወይም ከመፍሰሱ ጋር አብሮ በመካከለኛ ዕድሜ የመጣ የመርሳት ሕመም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲኖር ምርመራው ተገቢ ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ የሚመረመረው የታመመው ሰው እንጂ ጤነኛው ልጅ አይደለም፤ ከምርመራው በፊትም ውጤቱ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባል።

በሕዝብ መካከል በሰፊው የሚገኘውና ጽሑፋችሁ በዋናነት የተናገረለት ዘረመል አፖኢ ይባላል። በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ በደምና በአንጎል ውስጥ ስብን የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ያዝዛል፤ ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4 የሚባሉ ሦስት ዓይነቶችም አሉት። ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ስለምንወርስ እያንዳንዳችን ሁለት አለን፤ ከሁሉ የሚበዛው ኢ3 ነው። ኢ4 ቤታ አሚሎይድ ከአንጎል መውጣቱን ስለሚያዘገይ በአንጎል ሥጋም ሆነ በደም ሥር ግድግዳ የሚጠራቀመው ይበዛል። ጽሑፋችሁ ይህን በትክክል አስቀምጧል። ኢ2 የአንጎልን ጤና ይጠብቃል ማለቱ ግን ግማሽ እውነት ነው። ኢ2 ከአልዛይመር እንደሚከላከል የተረጋገጠ ቢሆንም፣ በደም ሥሮች ላይ ያለው ጠባይ ሌላ ነው። አሚሎይድ የያዘው ሥር ኢ2 ባለበት ሰው ላይ ግድግዳው ይበልጥ ይሰነጠቃል፣ ይበልጥም ይደማል። ማለትም ኢ4 ክምችቱን ያበዛል፤ ኢ2 ደግሞ የተከማቸበትን ሥር ያፈርሳል። በአሜሪካ ቦስተን ተመርምረው በ2000 በታተመ ጥናት የተካተቱ፣ በአንጎል ውጫዊ ክፍል አንድ ጊዜ ደም የፈሰሳቸው 71 ሰዎች ይህን በቁጥር ያሳያሉ። ኢ2 ወይም ኢ4 ካላቸው መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ዳግመኛ የፈሰሳቸው 28 ከመቶ ሲሆኑ፣ ሁለት ኢ3 ካላቸው ግን 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ኢ2 ያለው አንባቢ ጽሑፋችሁን አምኖ «እኔስ ተጠብቄአለሁ» ቢል፣ በተለይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ፣ የተሳሳተ መተማመን ያልኩት ይህን ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከላይ የጠቀስኳቸውን የመሰሉ ቁጥሮች በአብዛኛው የተገኙት የአውሮፓ ዘር ካላቸው ሕመምተኞች ነው። በአፍሪካ ከተደረጉት ጥቂት ሰፋፊ ጥናቶች አንዱ በናይጄሪያ ኢባዳን የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንን በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ አፍሪካ አሜሪካውያን ጋር ያነጻጸረው ነው። በ2001 በታተመው ውጤት በየዓመቱ በአልዛይመር አዲስ የሚያዙት በኢባዳን 1.15 ከመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ኢ4ም በኢባዳን በሌላው ዓለም የሚያሳየውን ያህል ጠንካራ ዝምድና ከሕመሙ ጋር አላሳየም። ጥናቱ ስለ አልዛይመር እንጂ በቀጥታ ስለ ደም ሥር አሚሎይድ አይደለም፤ ዮሩባም ሐበሻ አይደለም። ሆኖም ከቦስተን ወይም ከለንደን የመጣን የአደጋ ልክ ወስዶ ለደሴ ወይም ለአዳማ አረጋዊ እንዳለ መንገር ልክ እንዳልሆነ ለማሳየት ይበቃል።

እንዲህ ከሆነ የአፖኢ ምርመራ ፈጽሞ አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል፤ ግን ውሳኔ የሚለውጥ ሲሆን። ዛሬ እንዲህ ያለ ውሳኔ በግልጽ ያለው በአዲሶቹ የአልዛይመር መድኃኒቶች ላይ ነው። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብና በ2024 የተከተለው ዶናኔማብ አሚሎይድን ከአንጎል የሚጠርጉ፣ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። አሚሎይዱ ከደም ሥር ግድግዳ ሲነሣ ግን ሥሩ ፈሳሽና ደም ሊያስተላልፍ ይችላል። በሌካኔማብ ዋናው ሙከራ የአንጎል እብጠት የታየባቸው ኢ4 ከሌላቸው 5.4 ከመቶ፣ አንድ ኢ4 ካላቸው 10.9 ከመቶ፣ ሁለት ኢ4 ካላቸው ደግሞ 32.6 ከመቶ ነበሩ። አብዛኛው እብጠት በኤምአርአይ ብቻ የሚታይና ምልክት የሌለው ቢሆንም፣ ሕይወት የጠፋበት ጊዜም አለ። በሕክምና መጽሔት በ2023 የተዘገበችው የ65 ዓመት ሴት ሁለት ኢ4 ነበራት፤ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ከወሰደች በኋላ በስትሮክ ምልክት ሆስፒታል ስትገባ ለረጋ ደም ማሟሟያ የሚሰጠው መድኃኒት ተሰጣት፤ አንጎሏም በብዙ ቦታ ደም ፈስሶበት ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር በደም ሥሮቿ ላይ የተስፋፋ አሚሎይድ ተገኝቷል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የአፖኢ ምርመራ እንዲደረግ የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ያሳስባል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2025 ሌካኔማብን የፈቀደው ኢ4 ለሌላቸው ወይም አንድ ብቻ ላላቸው ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በጀርመን የሚኖሩ ቤተሰቦች ለእናት ወይም ለአባት ይህ መድኃኒት ሲቀርብላቸው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የአፖኢ ውጤቱ ምን እንደሆነ፣ በኤምአርአይም ላይ ጥቃቅን የደም መፍሰስ ምልክቶች ስንት እንደታዩ። በሙከራው ከአራት በላይ ምልክት የታየባቸው ሰዎች እንዳልተካተቱ ማወቅም ይጠቅማል። ወላጆቻችን ሐኪሙ ያለውን ያለ ጥያቄ የመቀበል ልማድ አላቸውና፣ ጥያቄው ከልጆች ቢመጣ ነውር የለውም።

በፖስታ የሚታዘዘውን የቤት ውስጥ ምርመራ በተመለከተ ደግሞ አንድ የሕግ ጉዳይ በጽሑፋችሁ ሳይነሣ ቀርቷል። በአሜሪካ በ2008 የወጣው የዘረመል መረጃ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የጤና መድን ሰጪዎችና አሠሪዎች በዘረመል ውጤት ተመሥርተው ሰውን እንዳይጎዱ ይከለክላል፤ ለሕይወት መድን፣ ለአካል ጉዳት መድንና ለረጅም ጊዜ የአረጋውያን እንክብካቤ መድን ግን አይሠራም። ዛሬ በጉጉት የተገኘ ውጤት ነገ በመድን ማመልከቻ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ውጤቱን ያገኘው ልጅ ደግሞ ለራሱ ብቻ አያገኘውም፤ የእናቱን፣ የአባቱንና የወንድሞቹን ምስጢር ሳይጠይቃቸው በከፊል ያውቃል። በእኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ወሬ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

ወላጁን በዚህ ሕመም ያጣ ሰው እንግዲህ ምን ያድርግ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ የደም ግፊቱን ይለካ። ይህ ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ አሚሎይድ የሚያመጣው መፍሰስ ከደም ግፊት መፍሰስ የተለየ ነው ብያለሁና። ነገር ግን የደከመ ሥር የሚቀደደው ግፊት ሲበዛበት ነው። 6,105 ሰዎች የተሳተፉበት ፕሮግረስ የተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ የስትሮክ ምልክት ለነበራቸው ሰዎች የግፊት መቀነሻ መድኃኒት ሰጥቶ ነበር። በ2010 በታተመው ትንተና ከአሚሎይድ የደም ሥር ሕመም ጋር የተያያዘው መፍሰስ በ77 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ግፊቱ የወረደው ግን በአማካይ ላይኛው በ9፣ ታችኛው በ4 ነጥብ ብቻ ነበር። ለተራው አንባቢ ይህን ያህል የሚፈይድለት የዘረመል ምርመራ የለም። የግፊት መለኪያም በየጤና ጣቢያው አለ።

ሁለተኛው፣ የወላጁ አሟሟት በትክክል ይታወቅ። በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ የታየው መፍሰስ በአንጎል ጥልቀት ነበር ወይስ በውጫዊው ክፍል? በኤምአርአይ የቆዩ ጥቃቅን የደም ጠብታዎች ታይተው ነበር? ሕመምተኛው ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ ይወስድ ነበር? ከመሞቱ በፊት ዓመታት የመርሳት ምልክት ነበረበት? በሞት ወረቀት ላይ «ስትሮክ» ተብሎ ብቻ የተጻፈው ለልጆቹ ሐኪም ምንም አይነግርም። ስለዚህ የምርመራው ፎቶና ሪፖርት ከሆስፒታል ሲወጡ ይጠየቅና ይቀመጥ። አያቶቻችን ለጋብቻ ሲሉ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ በዚያው ቆጠራ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜና የሞቱ ምክንያት ቢጨመርበት የነርቭ ሐኪም ከብዙ ላቦራቶሪ ውጤት ይልቅ የሚጠቀምበት መረጃ ይሆናል። አንድ ሰው ራሱ በአንጎሉ ውጫዊ ክፍል ደም ፈስሶት ከነበረ ደግሞ፣ ለልብ ምት መዛባት ወይም ለሌላ ምክንያት ደም ማቅጠኛ ሲታዘዝለት ይህን ታሪክ ለሚያዝዘው ሐኪም ሁሉ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ግን የለበትም፤ ጥቅሙና ጉዳቱ የሚመዘነው ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነውና።

በመጨረሻም ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው እትም ሁለት እርማት እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ወላጁ በአንጎል ደም መፍሰስ የሞተበት ሰው ሁሉ የዘረመል ምርመራ ያድርግ የሚለው ምክር፣ ገና በወጣትነት ወይም በጎልማሳነት ለታመመ ሰው፣ በተከታታይ ትውልድ መፍሰስ ለታየበት ቤተሰብና ከላይ የጠቀስኳቸው የአልዛይመር መድኃኒቶች ለቀረቡለት ሕመምተኛ ብቻ እንዲወሰን ነው። ሁለተኛው፣ ኢ2 የአንጎልን ጤና ይጠብቃል የሚለው ዓረፍተ ነገር «ከአልዛይመር» በሚል ቃል ተገድቦ፣ የአንጎል ደም ሥር አሚሎይድ ባለበት ሰው ላይ ግን የመድማትን አደጋ ከፍ እንደሚያደርግ እንዲጨመርበት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የነርቭ ሐኪም የሆንኩ አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ